ኦቲዝም ላላቸው ተማሪዎች የሚቀርብ መጠይቅ እንዴት ይዘጋጅ?



የመምህር ሥራ ከጠዋት እስከ ማታ ጥያቄ ነው። ስም ስንጠራ፣ ያለፈውን ትምህርት ስንከልስ፣ ፈተና ስናወጣ፣ ወላጅ ስናነጋግር ስንጠይቅ እንውላለን። በዚህ ላይ ልዩ ልዩ ቅጾች ይመጣሉ፤ የተማሪው የቤት ሁኔታ፣ ጤንነቱ፣ ዝንባሌው፣ የሚያስቸግረው ነገር ሁሉ ተጠይቆ እንዲሞላ ይታዘዛል። የሚጠይቀውም፣ የሚጽፈውም፣ የሚፈርመውም ያው መምህሩ ነው። ስለ ፈተና ጥያቄ አወጣጥ በክፍል ውስጥ በሰፊው ተምረናል። ስለ መጠይቅ አዘገጃጀት የተማርነው ግን ጥቂት ነው፤ ኦቲዝም ያለው ተማሪ መጠይቅ ሲቀርብለት ምን እንደሚያጋጥመው ደግሞ ጭራሽ አልተነሣም። ስለዚህ ጉዳዩን ከያለበት አንብበን፣ እርስ በርሳችን ተወያይተን፣ በአማርኛ ጥያቄዎች ላይም እየሞከርን ያገኘነውን በዚህ ዓምድ እናቀርባለን።

አስቀድመን ስለ ኦቲዝም በአጭሩ። ኦቲዝም ከሕፃንነት ጀምሮ እስከ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም በአሜሪካ አገር 11 ልጆችን አጥንቶ ጽሑፍ አወጣ፤ በዓመቱም ሃንስ አስፐርገር በቪየና የራሱን ጥናት አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ዕውቀቱ እየሰፋ መጥቷል። ኦቲዝም ያለው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ በአፉ ከነጭራሹ አይናገርም፤ ሌላው በሚወደው ነገር ላይ ጀምሮ አያቋርጥም። አንዱን ጫጫታ ያስጨንቀዋል፤ ሌላው የለመደው ነገር ሲለወጥበት ይታወካል። ለዛሬው ርእሳችን በይበልጥ የሚያስፈልገን አንድ ጠባይ ነው፤ ይኸውም ብዙዎቹ ንግግርን የሚወስዱት እንደተነገረው፣ ቃል በቃል መሆኑ ነው።

በአገራችን ኦቲዝም ያለው ልጅ እንደ እርግማን ወይም እንደ ወላጆቹ የኃጢአት ዋጋ እየተቆጠረ በጓዳ ሲደበቅ ኖሯል። ይህን ለመለወጥ ከታገሉት መካከል እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙት፣ በ2021 ያረፉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በቅድሚያ ይጠቀሳሉ። ልጆቹ ከጓዳ እየወጡ ትምህርት ቤት በመጡ ቁጥር ደግሞ ፊት ለፊት የሚያገኙት እኛን ነው። ቅጹን ይዘን የምንቀመጠው እኛ ነና።

ስለ አጠራሩም አንድ ነገር እንበል። ብዙ ጊዜ «ኦቲዝም ያለበት» ሲባል እንሰማለን። «ያለበት» የሚለው ቃል ዕዳ ያለበት፣ በሽታ ያለበት እንደምንለው ሸክም ያሸክማል። እኛ በዚህ ጽሑፍ «ኦቲዝም ያለው» ብለናል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን ቅጹን የሚሞላው ልጅ ማንበብ የሚችል ከሆነ ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ ስለ ራሱ የሚያነበው ቃል ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። እንበል፣ በአንድ ትምህርት ቤት 11 ዓመት የሞላው ልጅ አለ። መምህሩ ቅጽ ይዞ አጠገቡ ተቀምጦ እንዲህ ይጠይቀዋል።

— ስምህን ልትነግረኝ ትችላለህ?
— እችላለሁ።

ልጁ ይህን ብሎ ዝም ይላል። መምህሩ ትንሽ ጠብቆ ይቀጥላል።

— እሺ፣ ትምህርት እንዴት ነው?
— የቱ ትምህርት?
— በአጠቃላይ!

ልጁ መልስ አይሰጥም።

— ከልጆች ጋር ትጫወታለህ ወይስ አትጫወትም?
— አትጫወትም።
— ሰው ሲቆጣህ ሆድ ይብስሃል?
— ሆዴን አያመኝም።

መምህሩ ሰዓቱን አይቶ በቅጹ ላይ «ጥያቄ አይገባውም፤ ከሰው ጋር አይጫወትም» ብሎ ይጽፋል፤ ይፈርማል። ቅጹ ወደ ፋይል ይገባል። የሚቀጥለው ዓመት መምህር ልጁን ከማየቱ በፊት ፋይሉን ያያል።

እስቲ መልሶቹን አንድ በአንድ እንመልከት። «ስምህን ልትነግረኝ ትችላለህ?» ተብሎ የተጠየቀው ስለ ችሎታው ነው፤ ችሎታው ስላለው «እችላለሁ» አለ። በሰዋስው ሚዛን ቢመዘን ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ መልስ አይገኝም። «ትምህርት እንዴት ነው?» ሲባልም «የቱ?» ብሎ መጠየቁ መምህር ሊደሰትበት የሚገባ ነበር፤ ሒሳብና ስፖርት በአንድ ቃል አይመለሱምና። «በአጠቃላይ» የሚለው ማብራሪያ ደግሞ ምንም አላብራራለትም። «ሆድ ይብስሃል?» ሲባል የመለሰው ስለ ሆዱ ነው። እንግዲህ ከአራቱ ጥያቄዎች ሦስቱ ላይ ጥፋቱ የጥያቄው ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ ትንሽ ለየት ይላል። ልጁ «አትጫወትም» ያለው የጥያቄውን የመጨረሻ ቃል መልሶ ነው። ኦቲዝም ካላቸው ልጆች አንዳንዶቹ የሰሙትን ቃል እንዳለ ይደግማሉ፤ በሙያው ቋንቋ ኤኮላሊያ ይባላል። «አልጫወትም» ቢል ኖሮ ቃሉን ወደ ራሱ አዙሮታልና መልስ ነው ማለት በተቻለ። «አትጫወትም» ሲል ግን መልስ ይሁን ማስተጋባት አልታወቀም። የሚታወቅበት መንገድ ቀላል ነው፤ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ እንደገና መጠየቅ። «አትጫወትም ወይስ ትጫወታለህ?» ሲባል «ትጫወታለህ» ካለ ያው የመጨረሻውን እየደገመ ነው፤ ስለዚህ በቃል መጠየቁን ትቶ በሥዕል ወይም በተጻፈ ካርድ ማስመረጥ ያስፈልጋል። መምህሩ ግን አንዴ ጠይቆ ጻፈ። በልጁ ላይ «ከሰው ጋር አይጫወትም» የተባለው ከዚህች አንዲት ቃል ተነሥቶ ነው።

ኦቲዝም ያለው እንግሊዛዊ የሶሺዮሎጂ ምሁር ዴሚየን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 በጻፈው ጽሑፍ አለመግባባት የሁለት ወገን ነገር መሆኑን አስረድቷል። ኦቲዝም ያለው ሰው የሌላውን ሐሳብ መረዳት ይቸግረዋል ሲባል የኖረው፣ ሌላውም የእርሱን ሐሳብ መረዳት እንደሚቸግረው ሳይቆጠር ነው። ከላይ ያየነው መምህር ልጁን አልተረዳውም፤ ልጁም መምህሩን አልተረዳውም። «አይገባውም» ተብሎ የተመዘገበው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ ብዕሩ በማን እጅ እንደነበረ ልብ ይሏል።

ይህን ጉዳይ በሥራ ላይ ያዋሉ ሰዎች አሉ። በአሜሪካ አገር በኦሬገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ክርስቲና ኒኮላይዲስና ዶራ ሬይሜከር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የጥናት ኅብረት አቋቁመዋል። ሬይሜከር ራሳቸው ኦቲዝም ያላቸው ናቸው። በዚህ ኅብረት ኦቲዝም ያላቸው አዋቂዎች ተጠያቂ ብቻ አይደሉም፤ መጠይቁን ራሱን ከምሁራኑ ጋር እኩል ተቀምጠው ያርማሉ። በየጥናቱ ያገኙትን ልምድ በ2020 በአንድ የሙያ መጽሔት ላይ አውጥተዋል። አስቸጋሪ ቃል በቀላል እንዲተካ፣ ፈሊጥ እንዲወጣ፣ ዐረፍተ ነገር እንዲያጥር፣ ከጥያቄው በፊት ስለ ምን እንደሚጠየቅ የሚገልጽ አጭር መግቢያ እንዲቀመጥ፣ ለሚያሻሙ ቃላት ፍቺና ምሳሌ እንዲጨመር፣ የመልስ ደረጃዎችም በሥዕል እንዲታገዙ ይመክራሉ። እነርሱ የሠሩት በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛችን የራሱ ወጥመዶች አሉትና ምክሩን ተርጉሞ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም።

ከፈሊጥ እንጀምር። እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሕዝብ ነን፤ ነገርን ሸፈን አድርጎ መናገር እንደ ጨዋነት ይቆጠርልናል። ለቅኔ ማኅበር ይህ ጌጥ ነው፤ ለመጠይቅ ግን መርዝ ነው። «ልብ ብለህ ትሰማለህ?»፣ «ዓይን አፋር ነህ?»፣ «እጅ ትሰጣለህ?» የሚሉት ሁሉ ቃል በቃል ለሚሰማ ሰው እንቆቅልሽ ናቸው። ፈሊጥ መሆኑ የሚታወቅ ፈሊጥ እንኳ ይሻላል፤ ሲያነቡት ይታያልና ይወጣል። የሚያስቸግረው ከመለመዱ የተነሣ ፈሊጥ መሆኑ የተረሳው ነው። ለምሳሌ «መጫወት»ን እንውሰድ። ልጅ በኳስ ይጫወታል፤ አዋቂ ሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ ወሬ ሲያወራ «እየተጫወትን ነው» ይላል። አንድ ወጣት «ከጓደኞችህ ጋር ትጫወታለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ የትኛውን ነው የሚመልሰው? «ምን ይሰማሃል?» የሚለውማ ከሁሉም ይብሳል። ጠያቂው ስለ ስሜቱ ጠየቅሁ ብሎ ያስባል፤ ተጠያቂው «መኪና ይሰማኛል፤ ዶሮም ይሰማኛል» ቢል ማን ይሳሳታል?

ቀጥሎ የጊዜ ነገር ነው። አንድ የጤና ቅጽ ላይ «ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» የሚል ጥያቄ አስገብታችሁ ለአሥር ሰዎች አንብቡት። ገሚሱ የሚተኛበትን ሰዓት ይነግራችኋል፤ ገሚሱ የእንቅልፉን ርዝመት። «ሦስት» የሚል መልስ ብታገኙ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው ወይስ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ የሚተኛው ሦስት ሰዓት ብቻ ነው? የመጀመሪያው ደህና ልጅ ነው፤ ሁለተኛው ሐኪም ያስፈልገዋል። «ማታ ለመተኛት አልጋ ላይ የምትወጣው በስንት ሰዓት ነው?» ቢባል ይህ ሁሉ ይቀራል። ደግሞም «የዛሬ ስምንት ቀን» ስንል ሳምንት ማለታችን ነው፤ «የዛሬ አሥራ አምስት» ስንል ሁለት ሳምንት። ቀን ቆጥሮ ለሚያስብ ልጅ ግን ስምንት ስምንት ነው፤ ሳምንትም ሰባት ነው። «ሰሞኑን»፣ «ቀደም ሲል»፣ «በቅርቡ» የሚሉት ከየት ተነሥተው የት እንደሚደርሱ እኛም ራሳችን አናውቀውም። «ታመህ ታውቃለህ?» የሚለው ደግሞ ወሰን የለውም፤ በአራት ዓመቱ አንድ ቀን ያተኮሰው ልጅ «አዎ» ቢል አልዋሸም። መነሻና መድረሻ ይቀመጥ፤ «ካለፈው ሰኞ እስከ ዛሬ ዓርብ» ይባል።

«ብዙ ጊዜ»፣ «አንዳንድ ጊዜ»፣ «አልፎ አልፎ» የሚባሉትን የመልስ ደረጃዎች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ሬንሲስ ላይከርት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1932 የመስማማት ደረጃዎችን ካስተዋወቀ ወዲህ በዓለም ላይ እንደ አሸን ፈልተዋል። ችግሩ ግን «አንዳንድ ጊዜ» ስንት ጊዜ እንደሆነ አለመታወቁ ነው። በትክክል መመለስ የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ ተይዞ ይቀራል። ሌላው ሰው «መቼስ…» ብሎ አንዱን ያከብባል፤ ኦቲዝም ያለው መላሽ ግን ሐሰት እንዳይጽፍ ተጨንቆ ባዶውን ሊተወው ይችላል። ባዶ መተዉም «ለመተባበር ፈቃደኛ አይደለም» ተብሎ ሊተረጎም ነው! «እስማማለሁ፣ አልስማማም» የሚለውም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። «ጓደኛ ማፍራት ይቸግረኛል» የሚል ዐረፍተ ነገር ተጽፎ «ትስማማለህ?» ቢባል፣ ልጁ «ከማን ጋር?» ሊል ይችላል። ዐረፍተ ነገሩን ማን እንደተናገረው አልተነገረውማ።

ስለዚህ እኛ ቁጥር እንመርጣለን። «ከልጆች ጋር ትጫወታለህ?» በማለት ፈንታ እንዲህ ሊጠየቅ ይችላል፦ «ስለ እረፍት ሰዓት እጠይቅሃለሁ። ካለፈው ሰኞ እስከ ዛሬ ዓርብ 5 የትምህርት ቀኖች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ በስንቱ ቀን ከሌላ ልጅ ጋር ሆነህ ኳስ፣ ገበጣ ወይም ሌላ ጨዋታ ተጫወትህ? 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ አላስታውስም።» ረዝሟል፤ እናውቃለን። ነገር ግን እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አጭር ነው፤ የሚጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው። «አላስታውስም» የሚለውም ይግባ፤ እርሱ ከሌለ ልጁን ግምት እንዲጽፍ አስገደድነው ማለት ነው። አምስት ሳጥን ስለን በተጫወተበት ቀን ልክ እንዲያጠቁር ብንሰጠው ደግሞ ይበልጥ ይቀላል።

አሉታዊ ጥያቄ በአማርኛ ለማንም አይበጅም። «ጫጫታ አይረብሽህም?» ብላችሁ ጠይቁና «አዎ» የሚል መልስ ተቀበሉ፤ አዎ ይረብሸኛል ነው? አዎ አይረብሸኝም ነው? ጠያቂው ራሱ የፈለገውን ይጽፋል። ሁለት ነገር በአንድ ማሰርም እንደዚሁ ነው። «ትምህርት ቤትህንና መምህርህን ትወዳለህ?» ሲባል ትምህርት ቤቱን ወዶ መምህሩን የሚፈራ ልጅ ምን ይበል? (ጠያቂው ራሱ መምህሩ ከሆነማ መልሱ ከመጀመሪያው የታወቀ ነው።)

የአማርኛ ግሥ ወንድና ሴት፣ ታናሽና ታላቅ ይለያል። በዚህም የተነሣ ቅጾቻችን «ትወዳለህ/ሽ» እየተባሉ በዝባዝንኬ ይሞላሉ። አንብቦ የሚመልስ ተማሪ እያንዳንዱን ፊደል የሚመለከት ከሆነ እዚያች ዘንጋ መስመር ላይ ይቆማል። ሁለት ቅጽ ማዘጋጀት ነው፤ አንዱ ለወንድ፣ አንዱ ለሴት። ለአዋቂ ሰው ደግሞ «እርስዎ» ይበቃል። ወረቀት ይፈጃል ለሚለን፣ የተበላሸ መልስ የሚሞላበት ወረቀት ይበልጥ ይባክናል እንላለን። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ልጅ ከዚህ ሁሉ በፊት በአፍ መፍቻ ቋንቋው መጠየቁ እንደሚቀድም ግልጽ ነው።

ከሌላ አገር የመጣ መጠይቅ ሲተረጎም የሚሆነውንም በአንድ ምሳሌ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2001 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሳይመን ባሮን-ኮኸንና ባልደረቦቻቸው አዋቂዎች የኦቲዝም ጠባያቸውን ራሳቸው የሚለኩበት ባለ 50 ዐረፍተ ነገር መጠይቅ አሳትመዋል። ለእያንዳንዱ አራት የመልስ ደረጃ አለው፤ ሲታረም ግን «በእርግጥ እስማማለሁ»ና «በመጠኑ እስማማለሁ» እኩል ነጥብ ያገኛሉ። መላሹ በሁለቱ መካከል ሲጨነቅ ያጠፋው ጊዜ ለውጤቱ ምንም አልጨመረም ማለት ነው። ከዐረፍተ ነገሮቹ አንዱ ቤተ መጻሕፍትና ድግስ ያወዳድራል። የትኛው ቤተ መጻሕፍት? የማን ድግስ? ይህ በእንግሊዝኛም የሚነሣ ጥያቄ ነው። ወደ እኛ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገር ይታከልበታል። በእኛ ዘንድ የዘመድ ሠርግ የሚኬደው ስለተወደደ ብቻ አይደለም፤ ግዴታ ነው፤ ቀሪ ይታዘባሉ። ቤተ መጻሕፍትም በሁሉ ቦታ የለም። እንግዲህ አንድ የገጠር ወጣት «ድግስ» ብሎ ቢያከብብ የተለካው ጠባዩ ነው ወይስ አገሩ?

በሌላ በኩል በጥንቃቄ የተሠሩም አሉ። በተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን ሥር እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው የዋሽንግተን ቡድን የሚባለው አካል ለሕዝብ ቆጠራ የሚሆኑ ስድስት ጥያቄዎችን አዘጋጅቷል። ስለ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስና ማተኮር፣ ራስን መንከባከብ እንዲሁም ስለ መግባባት ይጠይቃሉ። በጥያቄዎቹ ውስጥ «አካል ጉዳተኛ» የሚለው ቃል የለም፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። «ልጅህ አካል ጉዳተኛ ነው?» ቢባል የሚያፍር «አይደለም» ይላል፤ «ሲራመድ ችግር አለበት?» ቢባል ግን የሚያየውን ይናገራል። መልሶቹም ከ«ችግር የለም» እስከ «ጨርሶ አይችልም» በአራት ደረጃ የተቀመጡ ናቸው። ይኸው ቡድን ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ በ2016 ከ2 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆን መጠይቅ አውጥቷል። በትልልቆቹ ልጆች ክፍል ውስጥ ለውጥን ስለ መቀበልና ጓደኛ ስለ ማፍራትም ይጠየቃል። የሚመልሰው ግን እናት ወይም አሳዳጊ ነው፤ ልጁ አይደለም። ኦቲዝም አለው የለውም ብሎ ለመፍረድም አልተዘጋጀም።

እናት የልጇን ነገር ከማንም በላይ ታውቃለች። ቢሆንም እናት የምትመልሰው የምታየውን ነው። ጫጫታው ጆሮውን እንደሚያመው፣ የደንብ ልብሱ ቆዳውን እንደሚቆጠቁጠው የሚያውቀው ልጁ ራሱ ነው። በአፉ የማይናገር እንኳ በካርድ፣ በሥዕል፣ በጽሑፍ ሊገልጽ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ይጠየቁ፤ መልሳቸው ቢለያይ ሁለቱም ይጻፍ።

ስለ ስሜት የሚጠየቀው በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ የራሳቸውን ስሜት ለይተው ስም መስጠት ይቸግራቸዋል። ስሜት የላቸውም ማለት አይደለም፤ «አዝነሃል ወይስ ተናደሃል?» ሲባሉ የውስጣቸውን ከቃሉ ጋር ማገናኘት ነው የሚከብዳቸው። በዚህ ጊዜ ስለ ድርጊትና ስለ አካል መጠየቅ ያግዛል፦ «ትናንት ክፍል ውስጥ ጆሮህን በእጅህ ሸፍነህ ነበር?»፣ «ትናንት ምሳህን በላህ ወይስ ተውኸው?» የሚሉት ለመመለስም ለማረጋገጥም ይመቻሉ።

ሌላ ደግሞ የ«አዎ» ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1981 ካሮል ሲግልማንና ባልደረቦቻቸው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያላቸው ሰዎች ሲጠየቁ «አዎ» ወደ ማለት እንደሚያዘነብሉ በጥናት አሳይተዋል፤ ከ«አዎ ወይም አይደለም» ይልቅ በሥዕል የታገዘ ምርጫ እንደሚሻልም ጠቁመዋል። ኦቲዝም እና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አንድ አይደሉም፤ አንዳንዱ ሰው ግን ሁለቱም አሉት። በእኛ አገር በዚህ ላይ የታላቅ ፍርሃት ይጨመራል። ለመምህር «አይ» የሚል ልጅ ስንት ነው? አዎ ሲል እውነት ይሁን አክብሮት እንዲለይልን፣ መልሱ ግልጽ ሆኖ «አይ» የሚሆን ጥያቄ መካከል ላይ ማስገባት ጥሩ ነው። «ዛሬ ወደ ትምህርት ቤት የመጣኸው በአውሮፕላን ነው?» ብላችሁ «አዎ» ካላችሁ እርሳሱን አስቀምጡ፤ የእስካሁኑ «አዎ» ሁሉ አይታመንም።

ስለ አጠያየቁ ረዘም ማለት አያስፈልግም። ጸጥ ያለ ቦታ ይሁን። ጥያቄው አስቀድሞ ይሰጠው፤ የሚችል ከሆነ በቤቱ አንብቦት ይምጣ። ስንት ጥያቄ እንዳለና መቼ እንደሚያልቅ ይነገረው። ዓይን ዓይናችንን እንዲያይ አናስገድደው፤ ዓይን እያየ ማሰብ የሚያቅተው አለ። ከሁሉ በላይ ዝምታን እንቻል። ጠይቀን ልጁ ዝም ሲል ወዲያው ጥያቄውን በሌላ ቃል መለወጥ ይቀናናል፤ ለእርሱ ግን የመጀመሪያውን ሳይጨርስ ሁለተኛ ጥያቄ መጣበት ማለት ነው። በልባችን እስከ ሃያ እንቁጠር። ከዚያ መድገም ካስፈለገ በዚያው ቃል እንድገመው።

«ይህ ሁሉ ብዙ ተማሪ በሚታጨቅበት ክፍል እንዴት ይሆናል?» የሚል ወገን እንዳለ እናውቃለን፤ በውይይታችንም ላይ ይኸው ተነሥቶ ብዙ አከራክሯል። መልሳችን ይህ ነው፦ ከላይ የዘረዘርናቸው ወጥመዶች ኦቲዝም የሌለውንም ተማሪ ይይዛሉ። ልዩነቱ እርሱ ገምቶ ማለፉ ነው። ስለዚህ ለአንዱ ተብሎ የተስተካከለ ጥያቄ ለክፍሉ ሁሉ ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ መሥራት የለም። ለብቻ መጠየቅ ጊዜ ይወስዳል፤ እርሱን አንክድም።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ቅጹ ከበላይ ተዘጋጅቶ የመጣ፣ በየትምህርት ቤቱ አንድ ዓይነት ሆኖ መሞላት ያለበት ከሆነስ? እያንዳንዱ መምህር እንደ መሰለው ቃሉን ቢለውጥ የአንዱ ውጤት ከሌላው ጋር አይወዳደርም። በዚህ ጊዜ የሚሻለው የቅጹን ጥያቄ መጀመሪያ እንደተጻፈው ማንበብ፣ ልጁ ካልመለሰ ወይም መልሱ ካጠራጠረ በግልጽ ቃል መጠየቅ፣ ከዚያም የተጠቀምንበትን ቃል ከልጁ መልስ ጋር በኅዳጉ ላይ መጻፍ ነው። የልጁን መልስ በራሱ ቃል እንጻፍ፤ «እችላለሁ አለ» ተብሎ ከተጻፈ የሚያነበው ሰው ይፈርዳል። «አይገባውም» ተብሎ ከተጻፈ ግን የሚፈረድበት ነገር አልቀረም።

መጠይቅ አዘጋጅተን ከጨረስን በኋላ የምንፈትንበትም ዘዴ አለ። ጥያቄውን ለአንድ ሰው አንብበን መልሱን ከመጠየቅ ፈንታ «ምን የጠየቅሁህ ይመስልሃል? በራስህ አነጋገር ንገረኝ» ማለት ነው። ሁለት ሰው ሁለት የተለያየ ነገር ከነገረን ጥያቄው ገና አልበሰለም። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በጓደኞቻችን ላይ መሞከር ይቻላል፤ የመጨረሻው ፈተና ግን የሚጠየቁት ራሳቸው ናቸው። በአካባቢያችን ኦቲዝም ያለው ወጣት ወይም አዋቂ ቢገኝ ቅጹን ይዘን ሄደን «የትኛው ቃል አስቆመህ?» ብለን እንጠይቀው። ለምን እንደምንጠይቅም እንንገረው።

ለልምምድ ያህል የሚከተሉትን አራት ጥያቄዎች አስተካክሉ፦ «ሰሞኑን ጤንነትህ እንዴት ነው?»፣ «ክፍል ውስጥ አትረብሽም አይደል?»፣ «የቤት ሥራህንና ጥናትህን በሰዓቱ ትሠራለህ?»፣ «ሰው ሲበዛ ጭንቅላትህ ይዞራል?»። የመጨረሻው ከሚመስለው በላይ አስቸጋሪ ነው፤ በእኛ በአዘጋጆቹ መካከል እንኳ አልተስማማንበትም። ያስተካከላችሁትን ጽፋችሁ ከዚህ ሰሌዳ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ እስከሚመጣው ዓርብ ድረስ ጨምሩ፤ የተሻሉት በሚቀጥለው እትም ይለጠፋሉ። ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ የእጅ ጽሑፋችሁ ግን የሚነበብ ይሁን።